ለምግብ ማጨሻ የሚሆን መጠለያ፦ ከዝናብ የሚከልል፣ ጢስ የማያፍን

ጥያቄዎ በአጭሩ እንዲህ የሚል ነው፦ የምግብ ማጨሻዎን ዝናብና ነፋስ እንዳይመታው ከመኖሪያ ቤትዎ ጋር በተያያዘው የመኪና ማቆሚያ ክፍል አስገብተው፣ በሩን ከፍተውና ማራገቢያ ተክለው ቢጠቀሙ ይበቃል ወይ? ካልበቃስ በጓሮ ምን ዓይነት መጠለያ ልሥራ? የፊተኛውን ያለማመንታት እመልሳለሁ፤ አይበቃም፣ ማጨሻውን እዚያ አያስገቡት። ማጨሻ ሆን ተብሎ አየር እየተቆጠበለት እንጨትና ከሰል ቀስ ብሎ እንዲጤስ የሚደረግበት ምድጃ ስለሆነ፣ ያልተሟላ ቃጠሎ የሚያመነጨው ካርቦን ሞኖክሳይድ ከእርሱ በብዛት ይወጣል። ይህ ጋዝ ቀለምም ሽታም የለውም። ጢሱ ሳስቶ ዓይን ማቃጠሉን ባቆመበት ሰዓት እንኳ ፍሙ ጋዙን ማውጣቱን አያቆምም፤ ስለዚህ የጢሱን መጠን አይቶ አደጋውን መገመት አይቻልም። በአንድ በኩል ብቻ የተከፈተ በር ደግሞ ነፋሱ ወደ ውስጥ በሚነፍስበት ጊዜ የተበከለውን አየር ወደ መኖሪያ ክፍሎች ይገፋዋል እንጂ አያወጣውም፤ ማራገቢያውም ይህን አስተማማኝ በሆነ መንገድ አይለውጠውም።

መሥራት የሚገባዎ ከቤቱ የተነጠለ፣ በምሰሶ የቆመ ጣሪያ ነው። ከግድግዳ፣ ከእንጨት አጥርና ከዛፍ ቢያንስ 3 ሜትር ይራቅ፤ የማጨሻው መመሪያ ከዚህ የበለጠ ርቀት የሚያዝ ከሆነ ግን መመሪያውን ይከተሉ። ቦታ ሲመርጡ ጎን ለጎን ብቻ ሳይሆን ወደ ላይም ይመልከቱ፤ የተንጠለጠለ ቅርንጫፍ፣ የጣሪያ ክፈፍ ወይም የኤሌክትሪክ ሽቦ ከላይ ካለ ቦታው አይሆንም። ነፋሱ አዘውትሮ ከየት አቅጣጫ እንደሚመጣ ጥቂት ቀናት ልብ ብለው ካዩ በኋላ፣ ጢሱ ወደ እርስዎም ሆነ ወደ ጎረቤትዎ መስኮት የማይሄድበትን ስፍራ ይምረጡ።

ጣሪያውን ከፍ አድርገው፣ ተዳፋትም አድርገው ይሥሩት። ዝቅተኛው ጠርዝ ወደ 2.5 ሜትር ቢሆን፣ ከፍተኛው ጠርዝ ደግሞ ነፋሱ ወደሚሄድበት አቅጣጫ ቢዞር፣ ጢሱ የጣሪያውን ሆድ ተከትሎ ሽቅብ እየተንሸራተተ በራሱ ይወጣል፤ ጠፍጣፋ ጣሪያ ግን ጢስ ያቁራል። ለክዳን ቆርቆሮ ይመረጣል፤ ፕላስቲክ በሙቀት ይለሰልሳል፣ ሣርና ሸራ ደግሞ በአንድ ፍንጣሪ ይያያዛሉ። ቆርቆሮ አንድ ጠባይ አለው፤ በቀዝቃዛ ቀን እርጥብ ጢስ ሲያገኘው ያልበዋል፣ ላቡም ጥላሸት ይዞ ቁልቁል ይንጠባጠባል። ስለዚህ የማጨሻው ጢስ መውጫ ቱቦ ከጣሪያው መካከል ሥር ሳይሆን ወደ ከፍተኛው ጠርዝ ተጠግቶ፣ ከክዳኑም ከአንድ ሜትር ባላነሰ ዝቅ ብሎ እንዲቆም እመክራለሁ። ቱቦውን ጣሪያውን ሰንጥቀው የሚያወጡ አሉ። እኔ አልመርጠውም፤ የጋለ ቱቦ በእንጨት ወራጆች መካከል ሲያልፍ በቂ ክፍተትና የማይቃጠል መከለያ ይፈልጋል፣ ቀዳዳውም ዝናብ እንዳያስገባ ተጨማሪ ሥራ ይጠይቃል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው በነፋስ መከለያው ላይ ነው። ነፋስን ሙሉ ለሙሉ የሚያግድ ድፍን ግድግዳ ነፋሱን አያጠፋውም፤ ነፋሱ በላዩ ዘሎ ከኋላው እየተጠማዘዘ ይወርድና ጢሱን ወደ መሬትና ወደ ሠራተኛው ፊት ይመልሰዋል፣ አንዳንዴም በጢስ መውጫው በኩል ወደ ማጨሻው ሆድ ይገፋዋል። ከዚህ ይልቅ በጣውላዎቹ መካከል ክፍተት የተተወለት፣ ከስፋቱ ግማሽ ያህሉ ክፍት የሆነ ርብራብ ነፋሱን ያዘገየዋል እንጂ አያዞረውም። እኔ በሠራሁት መጠለያ ድፍኑን ሰሌዳ አንሥቼ ርብራብ ካደረግሁበት ወዲህ የሙቀት መለኪያው መዋዠቁን በግልጽ ቀንሷል። ርብራቡ ነፋስ በሚበዛበት አንድ ጎን፣ ቢያስፈልግም በአጠገቡ ባለው ሌላ ጎን ላይ ብቻ ይሁን፤ ሁለቱ ጎኖች ምንጊዜም ክፍት ሆነው ይቆዩ። ከታችም ከመሬት 20 ወይም 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ክፍተት ይተዉለት። ይህ ክፍተት ንጹሕ አየር ከሥር እንዲገባ ያደርጋል፤ ማጨሻዎ በጋዝ የሚሠራ ከሆነ ደግሞ ሌላም ጥቅም አለው፣ ምክንያቱም ፕሮፔን ከአየር ስለሚከብድ ቢያፈስ ወርዶ መሬት ላይ ይተኛል፣ መውጫም የሚያገኘው ከታች ነው።

የማንደጃው አየር ማስገቢያ ነፋሱ ከሚመጣበት አቅጣጫ በቀጥታ አይዙር፤ ከዞረ እያንዳንዱ ሽውታ እሳቱን ያቀጣጥለዋል። በሙቅ ጢስ ሲሠሩ የተለመደው ሙቀት ከ107 እስከ 135 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ነው። ስስ ብረት ያለው ማጨሻ ዝናብና ነፋስ ሲመቱት ከዚያ በታች ይወርዳል፣ ምግቡም ተህዋስያን በፍጥነት በሚራቡበት ከ4 እስከ 60 ዲግሪ ባለው ሙቀት ውስጥ ከሚገባው በላይ ይቆያል። ስለዚህ መጠለያው ለሠራተኛው ምቾት ብቻ አይደለም፣ የምግቡም ደኅንነት ጉዳይ ነው። ጣዕሙም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው፤ በመጠለያው ሥር የታቆረ ጢስ በአየር ማስገቢያው ተመልሶ ሲገባ እሳቱ ይታፈናል፣ ነጭና ወፍራም ጢስ ይወጣል፣ ምግቡ ላይ የሚቀመጠውም መራራ ቅጥራን ነው። ይኸው ቅጥራን በቱቦው ውስጥ ሲጠራቀም ሊቀጣጠል ይችላል። መልካም ጢስ ስስና ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ነው፤ የመጠለያዎን አሠራር የሚፈትሹትም በእርሱ ነው።

ወለሉ ኮንክሪት፣ ጡብ ወይም ጠጠር ይሁን፣ ከማንደጃው በር ፊት ለፊትም ግማሽ ሜትር ያህል አልፎ ይዘርጋ፤ ፍም የሚወድቀው እዚያ ነውና። ኮንክሪት ፍም በቀጥታ ሲያርፍበት በውስጡ ያለው እርጥበት ወደ እንፋሎት ተለውጦ ሊሰነጥቀው ስለሚችል፣ ከማንደጃው ሥር እሳት የሚችል ጡብ ያንጥፉ። ለማንደጃው ቅርብ የሆነ የእንጨት ምሰሶ ካለ የሲሚንቶ ሰሌዳ ወይም ላሜራ ይከልሉት፤ መከለያው ግን ከእንጨቱ 2.5 ሴንቲ ሜትር ይራቅ፣ ከላይና ከታችም ክፍት ይሁን። እንጨቱን የሚያድነው በዚያ ክፍተት ሽቅብ የሚያልፈው አየር ነው፤ በቀጥታ የተለጠፈ ላሜራ ሙቀቱን ወደ እንጨቱ ያስተላልፈዋል።

በኤሌክትሪክ የሚሠራ ከሆነ ለውጭ አገልግሎት የተሠራ፣ የመሬት ሽቦ (ኤርዝ) ያለውና ከወለል ከፍ ብሎ የተተከለ መሰኪያ ያዘጋጁ። አመዱን ክዳን ባለው የብረት ዕቃ ውስጥ ያኑሩት፤ በአመድ የተዳፈነ ፍም ከአንድ ቀን በላይ ሳይጠፋ ሊቆይ ይችላል። በተቀጣጠለ ስብ ላይ ውኃ አይደፉበት፤ አየሩን ዘግተው ያፍኑት፣ የእሳት ማጥፊያም በቅርብ ይኑር። በመኖሪያ ቤቱ ውስጥ ደግሞ የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያ መሣሪያ ቢተክሉ መልካም ነው።

ርብራቡን ወዲያው በሚስማር አይምቱት፤ መጀመሪያ በብሎን ብቻ ያያይዙት። ከዚያ ምግብ ሳያስገቡ፣ አንድ ጊዜ ነፋስ በሌለበት፣ አንድ ጊዜ ነፋስ በበረታበት ቀን ማጨሻውን ለኩሰው ጢሱ የሚሄድበትን ይከታተሉ። ጢሱ ከጣሪያው ሥር የሚሽከረከር ወይም ወደ ማስገቢያው የሚመለስ ከሆነ፣ ከላይኛው ጫፍ ጀምረው ጣውላዎቹን አንድ በአንድ እያወጡ እንደገና ይሞክሩት።