ከስፖርት በኋላ ስትሬች መሥራት ሕመሙን ያጠፋዋል?

ክረምቱ ወጥቶ የጅማ መንገድ ሲደርቅ ሶምሶማ የሚሮጠው ሰው ይበዛል። ስለ ጡንቻ ሕመምና ስለ ስትሬች፣ ማለትም ጡንቻን እየሳቡ ስለ ማፍታታት፣ የሚደርሰኝ ጥያቄም አብሮ ይበዛል። የተወሰኑትን እነሆ።

«ቅዳሜ ጠዋት ከጓደኞቼ ጋር ዱብ ዱብ እያልን ጅሬን፣ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ድረስ ወጣን። ስንመለስ ቁልቁለቱን በሩጫ ወረድነው። እንደጨረስን 20 ደቂቃ ሙሉ ስትሬች ሠራሁ። እሑድ ጭኔ እንጨት ሆነ፤ ሰኞ ደረጃ መውረድ አቃተኝ። ስትሬቹን አበላሽቼው ይሆን?» (ከቦሳ ቂጦ)

አላበላሸኸውም። ስትሬች ይህን ሕመም የማስቀረት አቅሙ በጣም ትንሽ ነው። በ2011 እ.ኤ.አ. ኮክሬን የተባለው የሕክምና ጥናቶችን የሚገመግም ተቋም 12 ጥናቶችን አንድ ላይ አይቶ ነበር። ሕመሙ ከ100 ነጥብ ሲለካ፣ ከስፖርት በኋላ የተሠራ ስትሬች በማግስቱ የቀነሰው አንድ ነጥብ ገደማ ብቻ ነው። አንድ ነጥብ ደግሞ ደረጃ ላይ ስትቆም የምታውቀው ለውጥ አይደለም።

ጭንህን የጎዳው ዳገቱ ሳይሆን ቁልቁለቱ ነው። ስትወርድ የጭንህ ጡንቻ እየተለጠጠ ክብደትህን እንደ ፍሬን ይይዛል። በዚህ ሥራ ላይ በጥቃቅን ክሮቹ ላይ ጉዳት ይደርሳል፤ ሰውነት ያንን ሲጠግን ጡንቻው ይቆጣና ሕመም ይመጣል። የሚብሰውም ከ24 እስከ 72 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው። የተጎዳን ክር ደግሞ በመሳብ መጠገን አይቻልም።

የሚጠግነው እንቅልፍ፣ በቂ ምግብና ጊዜ ነው። ዝም ብለህ ከምትተኛ ቀስ ብለህ በእግርህ ተንቀሳቀስ፤ ለጊዜው ቀለል ያደርግልሃል። ደስ የሚለው ነገር፣ ጡንቻ ይማራል። ከሁለት ሳምንት በኋላ ያንኑ ቁልቁለት ብትወርድ ሕመሙ በጣም ያንሳል። ለጊዜው ግን ሮጠህ ውጣ፣ በእርምጃ ውረድ።

«ጂም ከጀመርኩ አንድ ወር ሆነኝ። ላክቲክ አሲዱ እንዲወጣልሽ ተሳሳቢ ይሉኛል። እውነት ነው?» (ከአጂፕ)

አይደለም፣ እህቴ። ላክቲክ አሲድ የሚሉት፣ ጡንቻ ጠንክሮ ሲሠራ የሚያመነጨው ነገር፣ ስፖርቱን ባቆምሽ በአንድ ሰዓት ገደማ ውስጥ ከጡንቻሽ ይጠራል። በማግስቱ የሚያምሽ እሱ አይደለም። ስትሬቹን ከወደድሽው ግን አትተዪው፤ መገጣጠሚያሽን ያፍታታል፣ መንፈስም ያረጋጋል። እስኪያምሽ ድረስ ግን አትጎትቺ።

«ወጌሻ ቢያሸኝስ?» (ከመንደራ ቆጪ)

ለስለስ ያለ መታሸት ሕመሙን ያቀልላል። እንዳውም በዚህ ረገድ ከስትሬች ይሻላል። ጠንከር ያለ መጎተትና ማንቋቋት ግን ለተጎዳ ጡንቻ አይሆንም።

«ዕድሜዬ 63 ነው። ጠዋት ጠዋት በእግሬ እሄዳለሁ። ሌሊት ባቴን ጭምድድ አድርጎ ይይዘኛል። ለዚህም ስትሬች አይረዳም?» (ከፈረንጅ አራዳ)

ለዚህስ ይረዳል፣ አባቴ። የያዘዎት ጊዜ እግርዎን ዘርግተው ጣቶችዎን ወደ ራስዎ ይሳቡ፤ ይለቅዎታል። ከመተኛትዎ በፊትም ግድግዳ ተደግፈው፣ ተረከዝዎን መሬት አስነክተው ባትዎን ይዘርጉ። ሽንት የሚያበዛ የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ለሐኪምዎ ይንገሩ፤ ሊያያዝ ይችላል። አንዱ ባት ብቻ ካበጠና ከሞቀ ግን ስትሬቹን ትተው በዚያው ቀን ይመርመሩ።

«ወንድሜ ከረጅም ጊዜ በኋላ ጂም ገብቶ ራሱን ጨረሰ። በሁለተኛው ቀን እጁ አብጦ አላጥፍም አለው። ሽንቱ እንደ ኮካ ጠቆረ። ተሳስቦ ይለቀዋል እያለ ነው።» (አድራሻ ያልተጻፈበት)

ለእህቱ መልሱን ወዲያው በስልክ ነግሬያታለሁ። እዚህ የማወጣው ሌላውም ሰው እንዲያውቀው ነው። ይህ ተራ የጡንቻ ሕመም አይደለም። ጡንቻ ከልክ በላይ ሲፈርስ ይዘቱ ደም ውስጥ ይገባና ኩላሊትን ይጎዳል። የሽንቱ መጥቆር ምልክቱ ነው። ስትሬች የለም፣ መታሸት የለም። ከፋርማሲ እንደ አይቡፕሮፌን ያለ ማስታገሻ ገዝቶ መዋጥም ኩላሊቱን ይበልጥ ሊጎዳ ይችላል። ሌሊትም ቢሆን ባጃጅ ይዛችሁ ቅርባችሁ ወዳለው ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ሂዱ፤ ስለ ሽንቱ ቀለምም መጀመሪያ ላገኛችሁት ሐኪም ንገሩ።