ጂአርሲ-9ን ለአማተር ሬዲዮ ማስነሳት፦ ከመሰካትህ በፊት

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ደግሜ አነበብኩት። "ከአጎቴ ጓዳ የወጣ የድሮ የአሜሪካ ጦር ሬዲዮ አለኝ። ጂአርሲ-9 ይላል። ያለሁት ጅማ ነው። አስነስቼ ለአማተር ልጠቀምበት እችላለሁ? ለየትኛው ጠጋኝ ልስጠው?" ነው ያልከው። ትችላለህ፤ አማተር ሬዲዮ ማለት ፈቃድ አውጥቶ ለትርፍ ሳይሆን ለፍላጎት በሬዲዮ መገናኘት ነው። ለጠጋኝ ግን ለማንም እንዳትሰጠው። ዛሬ ማታ ደግሞ ኮረንቲ ላይ እንዳትሰካው። እኔም እዚሁ ጅማ ነኝ፤ ያስነሳሁትም ያንኑ ሬዲዮ ነው። ያንተ ጉዳይ የኔው ነው ብዬ ነው የምጽፍልህ።

ስለ ሬዲዮው ብዙ አልልም። ቃኘው ሻለቃ ኮሪያ በዘመተበት ዘመን የአሜሪካ ጦር ይጠቀምበት የነበረ ዕቃ ነው። ከ2 እስከ 12 ሜጋኸርዝ ይሄዳል። ስለዚህ የ80፣ የ40 እና የ30 ሜትር የአማተር ባንዶች (ለአማተር የተመደቡ፣ በሞገዳቸው ርዝመት የሚጠሩ የፍሪኩዌንሲ ክፍሎች) ውስጡ አሉ። በሞርስ (በአጭርና በረጅም ምት ፊደል በሚላክበት ዘዴ) 15 ዋት፣ በድምፅ 7 ዋት ገደማ ይሰጣል። ሰው ሲሰማው ትንሽ ይመስለዋል። 40 ሜትር ላይ ማታ በሞርስ 15 ዋት ድንበር ተሻግሮ ሩቅ ይሄዳል። ልፋትህ ከንቱ አይደለም።

1. መጀመሪያ ወረቀትህን ጨርስ። በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 መሠረት የሬዲዮ ሞገድን የሚያስተዳድረው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ያለ ፈቃድ አንቴና ላይ አታስተላልፍ። ዕቃው ደግሞ የጦር ዕቃ ስለነበረ ከየት እንደመጣ የሚያሳይ ወረቀት ያስፈልግሃል። ከአጎትህ ጓዳ ወጣ ማለት ብቻውን አይበቃህም። አጎትህ ከየት አገኙት? በጨረታ ነው? ከመሥሪያ ቤት ነው? በሕይወት ካሉ ዛሬውኑ ጠይቃቸውና በጽሑፍ ይስጡህ። ምንም ወረቀት ከሌለ ራስህ ቀድመህ ለሚመለከተው አካል አሳውቅ። ሌላ ሰው እስኪጠቁምብህ አትጠብቅ።

እዚህ ላይ የደረሰብኝን ልንገርህ፤ እስከዛሬ ያንገበግበኛል። የኔን ሬዲዮ የገዛሁት አንድ መሥሪያ ቤት ያረጁ ንብረቶቹን በጨረታ ሲያስወግድ ነው። ስሙን አልጠራም። ከተሰባበሩ ወንበሮችና ከዛገ ካዝና ጋር አንድ ሎት ውስጥ ነበር። ገንዘቡን ከፈልኩ፤ ደረሰኝ ተሰጠኝ። ደረሰኙ ግን "ልዩ ልዩ ያገለገሉ ዕቃዎች" ይላል። ሬዲዮ የሚል ቃል የለበትም። በዝርዝር ጻፉልኝ ብዬ ስመለስ መስኮቱ ላይ ያለው ሰውዬ "ብረት ገዝተሃል፣ ብረትህን ይዘህ ሂድ" አለኝ። ረጋ ብዬ ላስረዳው ሞከርኩ። የመገናኛ መሣሪያ ነው፣ በሕጋዊ መንገድ ማስመዝገብ እፈልጋለሁ አልኩት። ድምፁን ከፍ አድርጎ ሰልፉ ሁሉ እየሰማ "የጦር ሬዲዮ ነው? አንተ ምንህ ነው? ፖሊስ ልጥራ?" አለ። ሕግ ላክብር ብዬ የሄድኩ ሰው እንደ ሌባ ቆምኩ። ከዚያ በኋላ ያው የምታውቀው ነው። ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው፤ ነገ ና፤ ከሰዓት ና፤ ሰኞ ና።

የፈታችልኝ መዝገብ ቤት የምትሠራ አንዲት እናት ናት። ጉዳዬን ቁጭ ብላ ሰማችኝ። ከድሮ ሣጥን ውስጥ የንብረት ካርዱን አወጣች። የሬዲዮው ሞዴልና መለያ ቁጥር ካርዱ ላይ በእጅ ተጽፏል። ቅጂ አደረገችልኝ፤ ማህተምም አስመታችልኝ። እግዜር ይስጣት። አሁን በእጄ ያለው ዋናው ሰነድ እሱ ነው። ስለዚህ በጨረታ የተገኘ ከሆነ ደረሰኝ ብቻ ብለህ አትሟገት። የንብረት ካርድ ፈልግ። መስኮቱ ላይ ሳይሆን መዝገብ ቤት ጠይቅ።

ማመልከቻህ ላይ ሁሉንም በግልጽ ጻፍ። ሞዴሉ፣ መለያ ቁጥሩ፣ የሚሠራበት ፍሪኩዌንሲ፣ ጉልበቱ በዋት፣ የፊቱና የጀርባው ፎቶ ይኑር። የምትፈልገው የአማተር ባንድ ብቻ እንደሆነ አስቀምጥ። 40 ሜትር አፍሪካ ባለችበት የዓለም የሬዲዮ ክልል ከ7.000 እስከ 7.200 ሜጋኸርዝ ነው። አዲስ አበባ አምስት ኪሎ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩቱ ውስጥ ኢቲ3ኤኤ የሚባለው የአማተር ማህበሩ ጣቢያ አለ። ፈቃድን በሚመለከት መጀመሪያ ከነሱ ጋር ተነጋገር። አማተር ሬዲዮ ምን እንደሆነ ከዜሮ ማስረዳት የማያስፈልጉህ ሰዎች ናቸው።

2. ለጥገና ቤት አትስጥ። ቲቪና ዲኮደር ሲሠሩ ጎበዞች የሆኑ ልጆች ከተማችን ውስጥ ሞልተዋል፤ አከብራቸዋለሁ። ቫልቭ፣ ማለትም ከትራንዚስተር በፊት የነበረው ውስጡ የሚግል ክር ያለው የመስታወት ቱቦ፣ ግን ሌላ ዓለም ነው። እኔ አንድ ቤት ወስጄ ሽፋኑን ብቻ እንዲያጸዳልኝ ነገርኩት። የዛጉ ብሎኖች ስለነበሩ ነው፤ እሱ ጥሩ መሣሪያ አለው። ፕላስተር ላይ "አይበራም" ብዬ ጽፌ ፊቱ ላይ ለጠፍኩ። ልጁ ግን ጉጉት አሸነፈው። ከባትሪ 6 ቮልት አምጥቶ ቀዳዳ እየመረጠ ሞከረ።

አሁን ልብ በል። ይህ ሬዲዮ የሚፈልገው አንድ ዓይነት ቮልት አይደለም። የማሰራጫው ክፍል ለቫልቮቹ ክር 6.3 ቮልት ገደማ ይፈልጋል። የመቀበያው ትንንሽ ቫልቮች፣ እነ 1ኤል4፣ 1አር5፣ 1ኤስ5፣ የሚፈልጉት 1.4 ቮልት ብቻ ነው። በዚያ ላይ 105 ቮልት አለ። ለማሰራጫው ደግሞ እንደ ምንጩ ከ400 እስከ 600 ቮልት አካባቢ አለ። ሁሉም በአንድ ሶኬት ነው የሚገቡት። የ1.4 ቮልቱ ክር ከፀጉር የቀጠነ ነው። 6 ቮልት ሲያገኝ ብልጭ ብሎ ያልፋል። የመቀበያዬ ቫልቮች በሙሉ እንዲሁ አለቁ። ስደርስ "ትንሽ በርቶ ነበር፣ ከዚያ ጠፋ" አለኝ ደስ ብሎት። የጉልበት ዋጋም ጠየቀኝ! ቫልቮቹን ከውጭ ዘመድ ለምኜ፣ በሻንጣ ተሸክመውልኝ ነው የመጡት። ያንን ሁሉ ወር የጠበቅኩት በሰው ጉጉት ነው። ስለዚህ ላንተ የምለው አንድ ነው፦ ሬዲዮው ከቤትህ አይውጣ።

3. መመሪያው ቲኤም 11-263 ይባላል። የአሜሪካ ጦር ያሳተመው ነው፤ ኢንተርኔት ላይ በነፃ ይገኛል። የሶኬቱ እያንዳንዱ እግር ምን ቮልት እንደሆነ እዚያ አለ። አትመውና ግድግዳ ላይ ለጥፈው። ከዚያ ወደ ካፓሲተሮቹ፣ ኤሌክትሪክ ወደሚያጠራቅሙት ዕቃዎች፣ ሂድ። የጅማ እርጥበት ምን እንደሚያደርግ እኔ አልነግርህም፤ ክረምት ላይ ቁም ሣጥን ውስጥ ያለ ጫማ ሲሻግት አይተሃል። የወረቀት ካፓሲተሮች ያንን እርጥበት ለአሥርት ዓመታት ጠጥተውታል። ላያቸው ደህና ይመስላል። ከፍተኛ ቮልት ሲያገኙ ግን ኮረንቲ ያሳልፋሉ፤ ከነሱ ጋር ትራንስፎርመርም ቫልቭም ይዘው ይሄዳሉ። በሙሉ ቀይራቸው። 630 ቮልት የሚችሉ የፊልም ካፓሲተሮች አድርግ። ማይካ ከሚባል ማዕድን የተሠሩትን ካፓሲተሮች ተዋቸው፤ እነሱ አይበላሹም ማለት ይቻላል። ሬዚስተሮቹን በቴስተር ለካ፤ ከተጻፈባቸው ከ20 በመቶ በላይ የራቁትን ቀይር። ማብሪያዎቹንና መምረጫዎቹን በንጹህ አልኮል አጽዳ። ቤንዚን ወይም ናፍጣ እንዳታስነካ፤ መከለያውን ያበላሻል። ጨለማ ውስጥ የሚያበራ ቀለም ያለው ሜትር ካገኘህ ቀለሙን አትፋቅ። በዚያ ዘመን ራዲየም ያለበት ቀለም ይጠቀሙ ነበር።

ኮረንቲውን በሚመለከት፣ በእጅ የሚዞረው ጀነሬተር አብሮህ ካለ ዕድለኛ ነህ። እኔ ጋ አልነበረም። ፓወር ሰፕላዩን ራሴ ሠራሁት፤ በዚህ እኮራለሁ። ትራንስፎርመሩን የጠመጠመልኝ እዚሁ ከተማ የተቃጠለ የሞተር ሽቦ የሚጠመጥም ባለሙያ ነው። ስንት ዙር እንደሚያስፈልግ አብረን አሰላን። ንጹህ ሥራ ሠራልኝ፤ እስከዛሬ አይሞቅም። ለ1.4 ቮልቱ ኤልኤም317 የሚባለውን ቮልት የሚያጸና ቺፕ ተጠቀምኩ። ቫልቮቹን ከመሰካቴ በፊት ያንኑ ያህል ኮረንቲ የሚጠጣ ሬዚስተር አስሬበት ብዙ ሰዓት ለካሁት። አንተም እንዲሁ አድርግ። ባዶውን ለክተህ "ልክ ነው" አትበል። ፊውዝም አድርግበት።

የከፍተኛ ቮልቱ ነገር ግን ቀልድ የለውም። 580 ቮልት ሰው ይገድላል። በማጣሪያ ካፓሲተሮቹ ላይ 100 ኪሎ ኦም፣ 10 ዋት ሬዚስተር ለዘለቄታው እሰር፤ ስታጠፋው ቀስ ብሎ ያራግፈዋል። ከጠፋ በኋላም ግማሽ ደቂቃ ቆይ፣ በቴስተር ለካ፣ ከዚያ ብቻ እጅህን አስገባ። አንድ እጅህን ኪስህ ውስጥ አድርግ። ብቻህን ቤት ውስጥ ሆነህ አትሥራ። ለመጀመሪያ ጊዜ ስትሰካው ከ60 ዋት የድሮ አምፖል ጋር በተከታታይ አያይዘው። ኤልኢዲ አምፖል ለዚህ አይሆንም። አምፖሉ ቦግ ብሎ ከቀረ የሆነ ቦታ ሾርት አለ፤ አጥፋ። ቦግ ብሎ ከደበዘዘ ደህና ነው። መብራት ሄዶ ሲመጣ ቮልቱ እንደሚዘል ታውቃለህ። መብራት በሄደበት ሰዓት ሬዲዮውን ከሶኬት ንቀለው።

ፈቃዱ እስኪመጣ እጅህን አጣጥፈህ አትቀመጥም። አንቴና ሳይኖር የሚሞከርበት መንገድ አለ። 1 ኪሎ ኦም፣ 2 ዋት የሆኑ ሬዚስተሮች 20 ገዝተህ ጎን ለጎን እሰራቸው። 50 ኦም፣ 40 ዋት የሚችል ሰው ሠራሽ ጭነት፣ ማለትም በአንቴና ፈንታ የሬዲዮውን ጉልበት የሚውጥ፣ ይሆንልሃል። ሽቦ የተጠመጠመበትን ዓይነት እንዳትገዛ፤ በዚህ ፍሪኩዌንሲ አይሆንም። የኔው ማመልከቻ እየታየ ነው፤ እስከዚያ ሬዲዮዬ የሚያስተላልፈው ለዚህ ሬዚስተር ብቻ ነው።

የመጀመሪያውን ቀን ሰፈራችን ያሉ ጡረታ የወጡ የጦር መገናኛ ሰው ጠራሁ። ጋሼ ነው የምንላቸው። ጥግ ላይ ትንሽ የአጭር ሞገድ መቀበያ አስቀምጬ 7 ሜጋኸርዝ ላይ አስተካከልኩ። ጭን ላይ የሚታሰረውን የሞርስ ቁልፍ ሲያዩ ሳይጠይቁኝ ወስደው ጭናቸው ላይ አሰሩት። መምታት ሲጀምሩ እጃቸው አንድም አልረሳም። ከመቀበያው ጥርት ያለ ድምፅ ወጣ። ትንሽ ቆም ብለው ግን "ስጫን ድምፁ ይንሸራተታል፤ ቮልትህ እየወረደ ነው" አሉኝ። በጆሮ ብቻ! ለካሁት፤ እውነታቸውን ነው። ቁልፉ ሲጫን ቮልቱ ይወርድ ነበር፤ አጽንቼው ተስተካከለ። ይህ ችግር በጂአርሲ-9 የታወቀ ነው፤ ያንተም ላይ ሊኖር ይችላል። እንዲህ ያለ ሰው ሰፈርህ ውስጥ ካለ ፈልገው። ሞርስም ያስተምሩሃል። እኔን በየሳምንቱ እያረሙ እያስተማሩኝ ነው፤ በእጄ አመታት ግን እስካሁን አልረኩም።

አንቴና ስትሰቅል ቀላሉ ዳይፖል፣ መሀሉ ላይ ለሁለት የተከፈለ ሽቦ፣ ነው። 142.5ን በሜጋኸርዙ አካፍል፤ ለ7.1 ጠቅላላ ርዝመቱ 20 ሜትር ገደማ ይሆናል፤ በየጎኑ 10 ሜትር። ሁለት ባሕር ዛፍ ካለህ ሌላ ምሰሶ አያስፈልግህም። በሬዲዮውና በአንቴናው መካከል ዝቅተኛውን ፍሪኩዌንሲ አሳልፎ ከፍተኛውን የሚያግድ ማጣሪያ አስገባ፤ አለበለዚያ 7 ላይ ስትናገር 14 ሜጋኸርዝ ላይም ትሰማለህ። የጅማን መብረቅ አትናቅ። ደመና ሲጠቁር አንቴናውን ከሬዲዮው ነቅለህ ከቤት ውጪ አውጣው። አርዝም አድርግ።

አሁን አንድ ነገር አድርግልኝ። ፊቱ ላይ ያለውን የሞዴል ሰሌዳና የኮረንቲ ሶኬቱን ፎቶ አንስተህ እዚሁ ለጥፍ። መለያ ቁጥሩን ሸፍነው፤ እሱ ለባለሥልጣኑ ነው እንጂ ለሕዝብ አይደለም። የትኛው የሶኬት እግር ምን እንደሆነ ምልክት አድርጌ እልክልሃለሁ። ከመመሪያው ጋር አስተያየው፤ ሁለቱ ካልገጠሙ አሁንም አትሰካ፤ ጻፍልኝ።