የኅብለ ሰረሰር ቀዶ ሕክምና ያስፈልጋችኋል ለተባላችሁ ወጣቶች

የተወደዳችሁ ወጣቶች፣

ይህን ደብዳቤ የምጽፈው በአደጋ፣ በዕጢ ወይም በአከርካሪ ቦይ መጥበብ ምክንያት የኅብለ ሰረሰር (በአከርካሪ አጥንት ውስጥ የሚወርደው የነርቭ ገመድ) ቀዶ ሕክምና ያስፈልጋችኋል ለተባላችሁና አልጋችሁ አጠገብ ተቀምጠው አብረዋችሁ ለሚጨነቁ ወንድሞቻችሁና እኅቶቻችሁ ነው። በነርቭ ቀዶ ሕክምና ሙያ ስሸመግል ከታማሚዎች አብዝቼ የሰማሁት ጥያቄ «እድናለሁ ወይ?» የሚለው ነው። ከልብ የሚወጣ ጥያቄ ስለሆነ አልነቅፈውም፤ ነገር ግን ሐኪም በቅንነት ሊመልሰው የሚችለው «ይህ ቀዶ ሕክምና የሚደረገው ምን ለማትረፍ ነው?» የሚለው ጥያቄ ከቀደመው ነው። አንዳንዱ የሚደረገው እየገፋ ያለውን ጉዳት ለመግታት፣ አንዳንዱ የተሰበረውን አከርካሪ ለማጽናት፣ ጥቂቱ ደግሞ የጠፋን አቅም ለመመለስ ነው፤ ተስፋችሁ ከእነዚህ በየትኛው ላይ እንደቆመ ሳታውቁ አደጋውን መመዘን አትችሉም።

የአዋቂ ሰው ኅብለ ሰረሰር ርዝመቱ ወደ 45 ሴንቲ ሜትር ይጠጋል፤ ውፍረቱ ከትንሽ ጣት እምብዛም አይበልጥም። ከአንጎል የሚወርደው የእንቅስቃሴ ትእዛዝም ከሰውነት የሚመለሰው ስሜትም የሚያልፈው በዚህ ቀጭን መተላለፊያ ነው። በክንድ ወይም በእግር ውስጥ ያለ ነርቭ ተቆርጦ ሲሰፋ በቀን 1 ሚሊ ሜትር ያህል እየገፋ ሊያድግ ይችላል። የኅብለ ሰረሰር ክሮች ግን እንደገና የማደግ አቅማቸው ደካማ ከመሆኑም በላይ ከጉዳቱ በኋላ የሚፈጠረው ጠባሳ መንገዱን ይዘጋባቸዋል። ስለዚህ ቀዶ ሐኪም የተበጠሰ ኅብለ ሰረሰር ሰፍቶ አይመልስም። ሥራው የተጫነውን አጥንት፣ ዲስክ (በአከርካሪ አጥንቶች መካከል ያለ ትራስ መሳይ ክፍል)፣ የረጋ ደም ወይም ዕጢ ማንሣትና የላላውን አከርካሪ በብሎንና በዘንግ ማሰር ነው። ችግኝ ላይ የወደቀ ድንጋይ ሲነሣ ችግኙ ቀና ማለት አለማለቱ የሚወሰነው ምን ያህል እንደተጨፈለቀና ከድንጋዩ በታች ምን ያህል ጊዜ እንደቆየ ነው፤ የእኛም ነገር ከዚህ አይርቅም።

በድንገተኛ አደጋ ጊዜ የመጀመሪያው ምት የገደላቸውን ሕዋሳት የሚመልስ ሕክምና የለም። በሚቀጥሉት ሰዓታት እብጠትና የደም እጥረት ሊያጠፏቸው ከሚችሉት ውስጥ ግን ማትረፍ የሚቻሉ አሉ። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ የአንገት ጉዳት ጥናት በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት ጫናው የተነሣላቸው ሰዎች ከዘገዩት የተሻለ የማገገም ዕድል እንደነበራቸው አሳይቷል። ሐኪሙ በፊንጢጣ ዙሪያ ስሜት መኖሩንና ጡንቻው መጨበጥ መቻሉን ሲመረምር አትሸማቀቁ፤ ጉዳቱ ሙሉ ነው (በዚያ ቦታ ስሜትም እንቅስቃሴም የለም) ወይስ ከፊል (ጥቂት ቀርቷል) የሚለው የሚለየው በዚሁ ምርመራ ነውና። ከፊል ጉዳት ያለበት ሰው የመሻሻል ተስፋው ከሌላው እጅግ የሰፋ ነው። ሙሉ ጉዳት በደረሰበት ሰው ላይም ቢሆን ቀዶ ሕክምና ይደረጋል፤ ዓላማው አከርካሪውን አጽንቶ ታማሚው ቶሎ እንዲቀመጥ፣ ከአልጋ ቁስልና ከሳንባ ኢንፌክሽን እንዲጠበቅ፣ ማገገሚያውን እንዲጀምር ማድረግ ነው። ይህ አስቀድሞ ያልተነገረው ቤተሰብ እግሩ አለመንቀሳቀሱን ሲያይ ቀዶ ሕክምናው ከሸፈ ብሎ ያዝናል፤ ሐኪሙ ግን ያሰበውን ሠርቶ ጨርሷል። በሙያዬ ካየኋቸው ቅሬታዎች አብዛኞቹ የመጡት ከዚህ ካልተነገረ ልዩነት ነው፤ ጥፋቱም የበለጠ የእኛ የሐኪሞቹ ነው እላለሁ።

ኅብለ ሰረሰር ራሱ የሚያልቀው በላይኛው የወገብ አከርካሪ አካባቢ ሲሆን ከዚያ በታች የሚወርደው የነርቭ ሥሮች ጥቅል ነው። ይህ ጥቅል በትልቅ ዲስክ ሲጨፈለቅ መቀመጫና የጭን ውስጠኛ ክፍል ይደነዝዛሉ፣ ሽንት እምቢ ይላል ወይም ያመልጣል። እንዲህ ሲሆን ለነገ የሚባል ነገር የለም፤ በዚያው ቀን ሆስፒታል መድረስ ያስፈልጋል። ድካምም ሆነ የሽንት ችግር ሳይኖር ወደ እግር የሚወርድ የወገብ ሕመም ብቻ ካለ ግን አብዛኛው በሳምንታት ውስጥ ያለ ቀዶ ሕክምና ስለሚሻለው ለቢላ መቸኮል አይገባም።

የሚከብደው ውሳኔ በዝግታ ለሚገፋ በሽታ የሚወሰነው ነው። እ.ኤ.አ. በ1887 ቪክቶር ሆርስሊ ለንደን ውስጥ ኅብለ ሰረሰርን ከውጭ የሚጫን ዕጢ አውጥቶ መራመድ ያቃተው ታማሚ ተመልሶ እንዲሄድ አድርጓል፤ ዛሬም እንዲህ ዓይነቱ ዕጢ ጥሩ ውጤት ከምናይባቸው አንዱ ነው። ዕጢው በኅብለ ሰረሰሩ ውስጥ ከሆነ ግን ወደ እርሱ ለመድረስ ጤነኛውን ክፍል መክፈት ግድ ይላል፤ ስለዚህም በቀዶ ሕክምናው ጊዜ የነርቭ ምልክቶችን በመሣሪያ እየተከታተልን እንኳ ታማሚው ሲነቃ እግሩ የት እንዳለ ሳያይ ማወቅ ሊያቅተው ወይም ከበፊቱ ሊደክም ይችላል፤ ይህ ድካም ከሳምንታትና ከወራት በኋላ በብዙዎች ላይ ይቀንሳል፣ በአንዳንዶች ላይ ግን ይቀራል። ይህን የሰማ ወጣት ብዙ ጊዜ «እንግዲያው መራመድ እስኪያቅተኝ ልጠብቅ፤ ያን ጊዜ የማጣው ነገር አይኖርም» ይላል። ስሌቱ ብልህ ይመስላል፤ ውጤቱ ግን ተቃራኒ ነው። ከቀዶ ሕክምና በኋላ የሚኖራችሁን አቅም አስቀድሞ ከሚጠቁሙት ነገሮች ዋነኛው ከቀዶ ሕክምናው በፊት ያላችሁ አቅም ነው፤ እየተራመደ የገባ እየተራመደ የመውጣት ዕድሉ ይበልጣል። የአንገት አከርካሪ መጥበብም እንዲሁ ነው፤ ቁልፍ መቆለፍ ሲያስቸግር፣ የእጅ ጽሕፈት ሲበላሽ፣ አረማመድ ሲወላገድ የሚደረገው ቀዶ ሕክምና መጀመሪያ የሚፈልገው መባባሱን ማቆም ነው፤ ከዚያ በላይ የሚመጣው መሻሻል ትርፍ ነው።

አደጋውን ስትጠይቁ በመቶኛ በተነገረ አንድ ቁጥር አትርኩ። ቁጥሩ የመጽሐፍ ነው ወይስ የዚህ ሐኪምና የዚህ ሆስፒታል? የሚለካውስ ሞትን ነው፣ የእግር መድከምን ነው ወይስ ሽንት መቆጣጠር አለመቻልን? የኢንፌክሽን፣ የደም መርጋት፣ የኅብለ ሰረሰር ፈሳሽ መፍሰስ፣ የብሎን መላላት አደጋዎች ክብደታቸው ለየብቻ ነው፤ ብዙዎቹ ይታከማሉ፣ የእጅና የእግር መሽመድመድ ግን ላይመለስ ይችላል። ቦታውም ይለያል፤ በአንገት ከሦስተኛው እስከ አምስተኛው ያሉት ነርቮች የመተንፈሻውን ጡንቻ ያዝዛሉ። ከሁሉ በላይ ደግሞ «ቀዶ ሕክምናውን ባላደርግስ?» በሉ፤ አለመሠራትም የራሱ አደጋ አለው፣ ሐኪሙ ሁለቱን ጎን ለጎን ሊያስቀምጥላችሁ ይገባል። ሌላ ሐኪም ማማከር ስትፈልጉ የሚቀየም ሐኪም ካጋጠማችሁ፣ ያማከራችሁት በደግ ጊዜ ነው።

ስለ ተስፋም እውነቱን ልንገራችሁ። ሉድቪግ ጉትማን እ.ኤ.አ. በ1944 በእንግሊዝ ስቶክ ማንደቪል ክፍሉን ሲከፍት በዚህ ጉዳት የተያዘ ሰው የሚሞተው በአመዛኙ በአልጋ ቁስልና በኩላሊት ኢንፌክሽን ነበር። ያንን የቀየረው በየ2 ሰዓቱ ማገላበጥ፣ የሽንት ፊኛ ጥንቃቄ፣ ሥራና ስፖርት ነው፤ ቢላ ከዚህ ውስጥ ድርሻው ጥቂት ነበር። ዛሬ ደግሞ አንገታቸው ተጎድቶ እጃቸው የደከመ ሰዎች ጅማት ወይም ነርቭ ከሌላ ቦታ በማዛወር መጨበጥ እንዲችሉ ይደረጋል፤ ዕቃ ማንሣትና ራስን መመገብ መቻል የአንድን ሰው ቀን ምን ያህል እንደሚለውጥ ያላየ ሰው መራመድን ብቻ ይቆጥራል። ኅብለ ሰረሰር ላይ የሚተከል የኤሌክትሪክ ማነቃቂያም አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2018 ከስዊዘርላንድ በወጣ ጥናት ሦስት ሰዎች ከወራት ልምምድ ጋር እግራቸውን ማንቀሳቀስና በድጋፍ መራመድ ችለዋል። ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ግን ገና በጥናት ላይ ያለ ነው።

በገንዘብ ለሚሸጥላችሁ የስቴም ሴል (ወደ ሌላ ዓይነት ሕዋስ መለወጥ የሚችል ሕዋስ) ተስፋ ግን ተጠንቀቁ። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ የሕክምና ዘገባ ከአፍንጫ የተወሰዱ ሕዋሳት ኅብለ ሰረሰሯ ውስጥ የተተከሉላት ወጣት ሴት ከ8 ዓመት በኋላ በዚያው ቦታ እባጭ እንደተገኘባት ይተርካል። ሙከራው በጥናትነት ተመዝግቧል ወይ? ክፍያ ለምን ትጠየቃላችሁ? ከዓመታት በኋላ የሚከታተላችሁ ማን ነው? ብላችሁ ጠይቁ፤ «ምንም አደጋ የለውም» የሚል መልስ ከመጣ ተነሥታችሁ ሂዱ።

ቀን ከመቆረጡ በፊትም ከሐኪሙ ጋር ሁለት ነገር ጨርሱ። አንደኛው፣ ከቀዶ ሕክምናው የምትጠብቁትን በአንድ ዐረፍተ ነገር ጻፉና አሳዩት፤ «ይህ ይቻላል»፣ «ይህ አይመስለኝም» እንዲላችሁ። ሁለተኛው፣ የፊዚዮቴራፒው ቦታ፣ ፊኛችሁን የሚከታተለው ሐኪምና ቤት ውስጥ የሚያግዛችሁ ሰው ከአሁኑ ይታወቁ፤ ከሆስፒታል ከወጣችሁ በኋላ መፈለግ የሚጀመር ማገገሚያ ብዙ ጊዜ ሳይገኝ ወራት ያልፋሉና።