ጨረር በምትወስጂበት ጊዜ መታጠብ ትችያለሽ
አዎ፣ ታጠቢ። ጡቴ ላይ ጨረር የምወስድበት ቦታ ቀልቶ ያሳክከኛል፣ ውሃ ላስነካው ወይስ ልተወው ብለሽ ለጠየቅሽው፣ ውሃ ብቻውን አይጎዳውም። የሚጎዳው በጣም ሙቅ ውሃ፣ ሽታ ያለው ሳሙናና መፈተግ ነው።

ለብ ባለ ውሃና ሽታ በሌለው ለስላሳ ሳሙና በእጅሽ ብቻ እጠቢው። ከዚያ በንጹህ ፎጣ ጫን ጫን አድርገሽ አድርቂው እንጂ አትሺው። ቆዳሽ ላይ ምልክት አሥምረውልሽ ከሆነ እንዳይለቅ ተጠንቀቂ፣ ጨረሩ በትክክል የት እንደሚያርፍ የሚያዩት በሱ ነው።

ለማሳከኩ ሽታ የሌለው ቅባት ጥሩ ነው፣ ግን ሐኪሞችሽን አሳይተሽ የፈቀዱልሽን። በስሱ ቀቢው፣ ጨረር ልትገቢ ስትይ ደግሞ ወፍራም አድርገሽ አትለቅልቂው። በረዶም የሚያቃጥል ነገርም አታስጠጊበት። ማታ በእንቅልፍ ልብሽ የምታኪው ከሆነ ጥፍርሽን አሳጥሪ። ብብትሽን በምላጭ አትላጪ፣ ሽቦ ያለው ጡት መያዣም ለጊዜው ይቅርብሽ፣ ሰፋ ያለ የጥጥ ልብስ ብዙ ያሳርፍሻል።

አንድ ነገር ግን አደራ። እህቴን ሳስታምም እንዳየሁት ሕክምናው ሲያልቅ ቆዳው ወዲያው አይድንም። ካለቀ በኋላ ባሉት 1 ወይም 2 ሳምንታት እንዲያውም ሊብስ ይችላል። ብዙ ሰው «በቃ ተገላገልኩ» ብሎ እንክብካቤውን የሚተወው ደግሞ ልክ ያን ጊዜ ነው። አንቺ እንዳትተዪው። ቆዳሽ ከተላጠ፣ ፈሳሽ ካወጣ ወይም ትኩሳት ከመጣብሽ ቀጠሮ አትጠብቂ፣ በዚያው ቀን ደውይላቸው።