ልጄ ያሳደገው አባቱ እንዳልወለደው አያውቅም፤ ልንገረው ወይ?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? ማታ ማታ ከቤተሰቤ ጋር ወደ አማርኛ የተመለሰ የቱርክ ድራማ እናያለን። አባትየው ያሳደገው ልጅ ከአብራኩ እንዳልወጣ ያውቃል፤ ለማንም ግን ትንፍሽ አይልም። ልጁ ሰው ገጭቶ ሲያመልጥ እንኳ ጥፋቱን በራሱ ላይ ወሰደለት። እናቴ "አባት ማለት እንዲህ ነው" እያለች ታለቅሳለች። እኔ ግን እንቅልፍ አጣሁ። የመጀመሪያ ልጄን ባለቤቴ አልወለደውም። ገና ዳዴ ሳይል ጀምሮ ግን ያሳደገው እርሱ ነው፤ የሚጠራውም በእርሱ ስም ነው። አሁን 14 ዓመቱ ነው፣ ምንም አያውቅም። ባለቤቴ "ልጄ ነው፤ ምን ተብሎ ነው የሚነገረው?" ይላል። መደበቃችን ኃጢአት ነው? ወይስ ፍቅር ሁሉን ይሸፍናል?

መልስ፦ እኅቴ፣ አስቀድሞ ለባለቤትሽ ሰላምታዬን አድርሺልኝ። ያልወለደውን ልጅ "ልጄ" ብሎ ስሙን መስጠት ቀላል ነገር አይደለም።

ስለ ድራማው ብዙ አልልም። ቃና ቴሌቪዥን በ2008 ዓ.ም. ከጀመረ ወዲህ የቱርክ ድራማ ያልገባበት ቤት ጥቂት ነው። የጸሎት ሰዓትሽን እስካልተሻማ ድረስ አልቆጣሽም። ግን አንድ ነገር እወቂ። የድራማ ደራሲ ምሥጢሩን የሚያቆየው ለሠርጉ ቀን ወይም ለሆስፒታል አልጋ ነው። እዚያ ካልፈነዳ ተመልካች አያገኝም። እናንተ ቤት ደግሞ ተመልካች የለም፤ ስለዚህ እስኪፈነዳ የምትጠብቁበት ምክንያት የለም።

እናትሽ ያለቀሱለት አባት ግማሹ እውነት ነው። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 15 ያለው አባት ልጁን ገና ሩቅ ሳለ አየው፤ ሮጦም አቀፈው። ልጁ በመንገድ ያጠናትን "ከሞያተኞችህ እንደ አንዱ አድርገኝ" የምትለዋን ቃል እንኳ ሳያስጨርሰው ልብስ አምጡ አለ። ልጁ ሞያተኛ ሊሆን ነበር የመጣው፤ አባትየው ግን ከልጅነቱ አላወረደውም። የእግዚአብሔር ፍቅር እንዲህ ነው። ነገር ግን ያው አባት በአገልጋዮቹ ፊት "ጠፍቶም ነበር" አለ። ጥፋቱን አልካደለትም። የድራማው አባት ሰው ገጭቶ ያመለጠን ልጅ ሲሸፍን ግን ሌላ መንገድ ውስጥ ገብቷል። የተገጨውም እኮ እናት አለው። ካህኑ ኤሊ ልጆቹ ሲያጠፉ እያወቀ አልከለከላቸውም፤ ሁለቱም በአንድ ቀን ሞቱ። እርሱም ይወዳቸው ነበር።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። ፍቅር ኃጢአትን ይሸፍናል ማለትሽ ትክክል ነው፤ ሐዋርያው ጴጥሮስ የጻፈው ነው። ሴምና ያፌትም የአባታቸውን ዕራቁትነት ወደ ኋላ እየሄዱ ሸፍነዋል። ግን ልጅሽ መወለዱ ምኑ ነው ኃጢአት? እርሱ ምንም የሚሸፈን ነውር የለበትም። ካለፈው ሕይወትሽ የሚከብድሽ ነገር ካለ ለንስሐ አባትሽ ንገሪ፤ እርሳቸው ይጠብቁልሻል። ዝርዝሩን ልጁ ማወቅ አያስፈልገውም። ከማን እንደተወለደ ግን የአንቺ ብቻ ምሥጢር አይደለም፣ የእርሱም ነው።

ለሕፃን አለመንገር ኃጢአት ነው አልልም። ዐሥራ አራት ዓመት የሞላው ልጅ ጠይቆሽ ዋሽተሽ ከመለስሽለት ግን ነገሩ ይለወጣል። ደግሞ ተግባራዊውን እይው። በሥርዓታችን ዘመድ ከዘመድ አይጋባም፤ እስከ ሰባት ቤት ይቆጠራል። ነገ ልጅሽ ሽማግሌ ሲልክ የሚቆጠረው የማን ዘር ነው? ሳያውቅ የሥጋ ዘመዱን ቢያጭስ? ከዚያ በፊት ደግሞ የምታውቅ አክስት አትጠፋም። በውርስ ጠብ መሀል "አንተ እኮ የእርሱ ልጅ አይደለህም" ብላ ብትወረውረው ያኔ ማን ያነሳዋል?

የያዕቆብን ቤት ተመልከቺ። ያዕቆብ የፍየል ጠቦት ቆዳ ለብሶ አባቱን አታለለ። ልጆቹ ደግሞ የዮሴፍን ቀሚስ በፍየል ደም ነክረው እርሱን አታለሉት። ዮሴፍ ሲሸጥ 17 ዓመቱ ነበር፤ በፈርዖን ፊት ሲቆም 30። ሰባቱን የጥጋብና ሁለቱን የረኃብ ዓመታት ስትጨምሪበት ያ ቤት 22 ዓመት ያህል ምሥጢር ይዞ ኖሯል። አባት እያለቀሰ፣ ልጆች እያዩ ዝም!

ዮሴፍ ምሥጢሩን ሲገልጥ ያደረገውን ደግሞ እዪ። መጀመሪያ ግብፃውያንን ሁሉ ከቤት አስወጣ። ቀጥሎ ማን እንደሆነ ነገራቸው። ከዚያ "ወደ እኔ ቅረቡ" አላቸው። እናንተም እንዲሁ አድርጉ። አያት፣ አክስት፣ ጎረቤት አይኑር። ሦስታችሁ ብቻ ሁኑ። የሚኒስትሪ ፈተና ካለበት ፈተናው ይለፍ። አንቺ ጀምሪ፤ ባለቤትሽ አጠገቡ ይቀመጥ። የወለደውን ሰው በክፉ አታንሺው። የማውቀው ይህን ይህን ነው በይ፤ ካላወቅሽ አላውቅም በይ። ከዚያ በፊት ሁለታችሁም ከንስሐ አባታችሁ ጋር ተመካከሩ፤ አንቺ ብቻሽን ወስነሽ ባልሽን በድንገት እንዳትይዢው።

ባለቤትሽ የሚፈራው ልጁ "አባቴ አይደለህም" ይለኛል ብሎ ይመስለኛል። ለእርሱ የሉቃስን ምዕራፍ 2 አንብቢለት። የጌታን ልደት ከእኛ ጋር ማነጻጸሬ አይደለም፤ የጻድቁ ዮሴፍን ቦታ ላሳየው ብዬ ነው። ጌታ የ12 ዓመት ልጅ ሳለ በቤተ መቅደስ ሲያገኙት እመቤታችን ዮሴፍን "አባትህ" ብላ ጠራችው። ጌታ ግን አባቱ ማን እንደሆነ ያውቃል፤ "በአባቴ ቤት" ብሎ መለሰ። ከዚያስ? አብሯቸው ወደ ናዝሬት ወረደ፣ ይታዘዛቸውም ነበር። እውነቱ መታወቁ ዮሴፍን ከቤቱ አላስወጣውም።

ልጁ ሊቆጣ፣ ሊዘጋችሁ፣ "ለምን ዋሻችሁኝ?" ሊላችሁ ይችላል። አትከራከሩት፤ ይቅርታ ጠይቁት። የአባቱን ወገን ማየት ከፈለገ አትከልክሉት። ስሙንም ይለውጥ አይለውጥ አሁን አታንሱት፤ ሲያድግ ራሱ ያስብበታል። በአንድ ምሽት ያልቃል ብላችሁም አትጠብቁ። የዮሴፍ ወንድሞች ይቅር ከተባሉ በኋላ ያዕቆብ 17 ዓመት በግብፅ ኖሮ ሲሞት ገና ይፈሩት ነበር፤ ሰው ልከው እንደገና ይቅርታ ለመኑት። እርሱም አልቅሶ እንደገና አጽናናቸው።