የአፓቼ ፓኬጅ በፍሪቢኤስዲ ፖርትስ፦ ጥያቄ ያላችሁ ጠይቁኝ

ሰላም ለሁላችሁ። ፍሪቢኤስዲ የሚባለው ኦፐሬቲንግ ሲስተም ላይ ፕሮግራሞች የሚጫኑበት ስብስብ (ፖርትስ) ውስጥ የአንድ ትንሽ ዌብ ሰርቨር ሜንቴይነር ነኝ፣ ለአፓቼ24ም (የአፓቼ ዌብ ሰርቨር ፖርት) ፓች፣ ማለትም የኮድ ማስተካከያ፣ እልካለሁ። ዛሬ ማታ ቁጭ ብያለሁ ጠይቁ። አስቀድሜ ግን፦ ቼክሰም (የወረደው ፋይል ያልተነካካ መሆኑ የሚታይበት ቁጥር) አልገጥም ሲላችሁ ዝም ብላችሁ ቁጥሩን እንደ አዲስ የሚጽፈውን ሜክ ሜክሰም የሚባለውን ትእዛዝ ራን አታድርጉ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ሜንቴይነር ማለት ፕሮግራሙን የሚጽፈው ነው?

መልስ፦ አይደለም። ሶርሱን ወስደን እኛ ሲስተም ላይ በትክክል ቢልድ እንዲሆን፣ እንዲጫን፣ እንዲነሳ የምናደርግ ነን።

ጥያቄ፦ አዲስ ቨርዥን ሲወጣ ሜክፋይሉ (የፖርቱ መመሪያ ፋይል) ላይ የቨርዥኑን ቁጥር መቀየር አይበቃም እንዴ?

መልስ፦ አይበቃም! ቁጥሩን ስትቀይር ዲስትኢንፎ የሚባለው ፋይል ውስጥ ያለው ሻ256 (ቼክሰሙ) እና የፋይል መጠን ካዲሱ ታርቦል (ሶርሱ ተጠቅልሎ የሚመጣበት ፋይል) ጋር አይገናኝም፣ ያኔ ነው ሰው ሁሉ ሮጦ ሜክሰም የሚለው። ሜክሰም እኮ ምንም አያረጋግጥም፣ ያወረድከውን ለክቶ ቁጥሩን ይጽፍልሃል በቃ፣ ፋይሉን መንገድ ላይ የሆነ ሰው ነካክቶት ከሆነ የተነካካውን ትክክል ነው ብለህ ለሕዝብ አደልክ ማለት ነው። አፓቼ ለየታርቦሉ የፒጂፒ ዲጂታል ፊርማ ያወጣል፣ የፈራሚዎቹ ቁልፍ ኪይስ የሚባል ፋይል ውስጥ አለ፣ መጀመሪያ እሱን አረጋግጥ። ከዛ የድሮ ፓቾች ይገባሉ ወይ፣ ፕሊስቱ (ፓኬጁ የሚጭናቸው ፋይሎች ዝርዝር) ላይ ያልተጻፈ አዲስ ፋይል መጥቷል ወይ ብለህ እይ፣ ከዛ ሜክ ስቴጅ፣ ሜክ ቼክ-ፕሊስት በል፣ መጨረሻ ላይ ፑድሪየር በሚባለው መሞከሪያ ቴስትፖርት በል፣ ንጹህ ጄይል (ከሌላው ሲስተም የተለየ ክፍል) ውስጥ። "እኔ ላፕቶፕ ላይ ሠርቷል" አትበሉኝ፣ ላፕቶፕህ ላይ ስንት ነገር ተጭኗል፣ መጻፍ የረሳኸው ዲፔንደንሲ (ፕሮግራሙ የሚፈልገው ሌላ ፕሮግራም) እዛ ስለተገኘ ነው የሠራው።

ጥያቄ፦ ሜክፋይሉ ላይ ፖርትሪቪዥን የሚባለውን ቁጥር የምንጨምረው መቼ ነው?

መልስ፦ ቨርዥኑ ሳይቀየር ፓኬጁ ውስጥ ያለው ሲቀየር። አዲስ ቨርዥን ሲገባ መስመሩ ይወጣል። ፖርትኢፖክ ሌላ ነው፣ የቨርዥን ቁጥር ወደ ኋላ ሲመለስ የሚጨመር ነው፣ እሱ አንዴ ከገባ አይወጣም፣ አትንኩት።

ጥያቄ፦ አፓቼ ይሻላል ወይስ ሌላው ዌብ ሰርቨር ኢንጂንኤክስ?

መልስ፦ የዛሬው ርዕስ አይደለም። ቀጥሉ።

ጥያቄ፦ አፕግሬድ ሳደርግ ኮንፊጌ (የሰርቨሩ ማስተካከያ ፋይል) ይጠፋል?

መልስ፦ ይሄን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር። የመጀመሪያ ፖርቴ ላይ ኮንፊጉን እንደማንኛውም ፋይል ፕሊስት ውስጥ ጻፍኩት፣ አንድ ሰውዬ አፕግሬድ ሲያደርግ ቨርቿል ሆስቶቹ (አንዱ ሰርቨር ላይ ያሉት ሳይቶቹ) በሙሉ በባዶው ኮንፊግ ተተኩበት፣ ሌሊቱን ሲሠራ አደረ። እስከዛሬ ይቆጨኛል። ትክክለኛው ፕሊስቱ ላይ አት-ሳምፕል ብሎ መጻፍ ነው፦ ፓኬጁ የሚይዘው ሳምፕሉን ብቻ ነው፣ ዋናው ከሌለ ከሱ ይገለበጣል፣ ተጠቃሚው የነካው ካለ አይነካም፣ ፓኬጁ ሲወገድም ዋናው የሚጠፋው ከሳምፕሉ ካልተለየ ብቻ ነው። እናንተም የራሳችሁን ነገር ዋናው ፋይል ውስጥ አትቀላቅሉ፣ አፓቼ24 ስር ኢንክሉድስ የሚባል ፎልደር አለ፣ እዛ አስቀምጡት።

አንድ አባል፦ ለዚህ እኮ ነው ዴቢያን ሊኑክስ የሚሻለው፣ ቨርዥን ሳይቀያይሩ ሴኪዩሪቲ ፓቹን ብቻ ያመጣሉ።

ሌላ አባል፦ ያረጀ ሶፍትዌር ይዞ መኖር ነው እሱ። አዲስ ፊቸር ስትፈልግ ምን ልትሆን ነው?

አንድ አባል፦ ሰርቨር ላይ ፊቸር ምን ያደርግልኛል፣ እንቅልፍ ነው የምፈልገው።

መልስ፦ ሁለታችሁም እውነት አላችሁ፣ በ2021 እ.ኤ.አ. ያየነው ነው። አፓቼ 2.4.49 ላይ ከተፈቀደው ፎልደር ውጪ ያለ ፋይል የሚያስነብብ ቀዳዳ ገባ፣ የመዝገብ ቁጥሩ ሲቪኢ-2021-41773 ማለት ነው፣ ከዛ በፊት ያሉት ቨርዥኖች አልነበረባቸውም፣ ስለዚህ ቶሎ ያሻሻለው ነው የተጋለጠው። ኦክቶበር 4 በ2.4.50 ደፈኑት ተባለ፣ ሙሉ በሙሉ አልተደፈነም፣ ኦክቶበር 7 ደግሞ 2.4.51 ወጣ። እንደዛ ባለ ሳምንት ሜንቴይነር አይተኛም፦ ዋናው ብራንች ላይ ማስገባት ብቻ ሳይሆን ፒኬጂ ኦዲት የሚባለው ትእዛዝ እንዲያስጠነቅቅ ቀዳዳው ቩኤክስኤምኤል (የቀዳዳዎች መዝገብ) ውስጥ መመዝገብ አለበት፣ ማስተካከያው በየሦስት ወሩ ወደሚወጣው ኳርተርሊ ብራንችም መሻገር አለበት፣ ሪሊዝ የጫነ ሰው በዲፎልት ፓኬጅ የሚያወርደው ከዛ ነውና።

ጥያቄ፦ አፓቼ እምቢ አለኝ ምን ላድርግ?

መልስ፦ ምን ብሎ እምቢ አለ? ሰርቪስ አፓቼ24 ኮንፊግቴስት በል፣ ኤረር ሎጉን አንብብ፣ የሚለውን ይዘህ ና።

ጥያቄ፦ ቼክሰም ሚስማች ይለኛል፣ ሜክሰም ብለው ችግር አለው?

መልስ፦ ኧረ በፈጠራችሁ! ከላይ ሁለቴ ተናገርኩ! ኔት ተቆራርጦ ፋይሉ ግማሽ ላይ ቀርቶብህ ይሆናል፣ መጠኑን ከዲስትኢንፎው ጋር አስተያይ፣ ዲስትፋይልስ (የወረዱ ፋይሎች ፎልደር) ውስጥ ያለውን ሰርዘህ ድጋሚ አውርድ። አሁንም እምቢ ካለ ፊርማውን አረጋግጥ፣ ለሜንቴይነሩም ጻፍ። ሜክሰም አይባልም።

ጥያቄ፦ እኔም መጀመር እፈልጋለሁ፣ ከየት ልነሳ? ሴት ነኝ፣ ገና ተማሪ።

መልስ፦ ጎበዝ እህቴ። በአፓቼ አትጀምሪ፣ ብዙ ሰው ላዩ ላይ ተደግፏል። የምትጠቀሚበትን፣ ሜንቴይነር የሌለውን ትንሽ ፖርት ፈልጊ፣ አሻሽይው፣ ፑድሪየር ላይ ሞክሪው፣ ፓቹን ከነሎጉ ቡግዚላ (የፍሪቢኤስዲ የችግር መመዝገቢያ ሳይት) ላይ አስገቢና ሜንቴይነር ልሁን ብለሽ ጻፊ። ባለቤት ያለው ከሆነ ሁለት ሳምንት ጠብቂው፣ ዝም ካለ ኮሚተር (ፖርትስ ውስጥ ለውጥ የማስገባት ፈቃድ ያለው ሰው) አይቶ ሊያስገባልሽ ይችላል። የመጀመሪያውን ፓች ከመላክሽ በፊት እዚህ አሳዪኝ፣ አየዋለሁ።