«ምን ይባላል?» ከማለታችሁ በፊት

ልጆቼ፣

በመዋዕለ ሕፃናት 31 ዓመት አስተምሬያለሁ። ጡረታ ከወጣሁም በኋላ ወጣት ወላጆች ስታገኙኝ የምትጠይቁኝ ያንኑ ነው፤ «የሁለት ዓመት ልጄን ማመስገን እንዴት ላስተምረው?»

እኔም በእናንተ ዕድሜ የማውቀው አንድ ዘዴ ብቻ ነበር። ዳቦውን ከፍ አድርጌ ይዤ «ምን ይባላል?» እላለሁ። ሕፃኑ «አመሰግናለሁ» ብሎ ዳቦውን ቀምቶኝ ይሮጣል። ቃሉ ለእሱ የዳቦው ዋጋ ነበር፤ ከፍሎ ይሄዳል። ስንቱን ልጅ እንዲህ እንዳስከፈልኩ ሳስበው አፍራለሁ።

አሁን ግን ውጭ አውጡት እላለሁ። እንጦጦ ፓርክ ወይም ጉለሌ ዕፅዋት ማዕከል ብትወስዱት መልካም ነው፤ ግን አታጣድፉት። አንድ ቀን እንጦጦ ላይ አንድ አባት ልጁን «ና፣ ከተማዋን ላሳይህ» እያለ ሲጎትት አየሁ። ልጁ ቁጢጥ ብሎ፣ ከእጁ የወደቀውን የዳቦ ፍርፋሪ ጉንዳኖች ተጋግዘው ሲወስዱ እያየ ነበር። ለሁለት ዓመት ልጅ አዲስ አበባ ምኑ ናት? ጉንዳኖቹ ጉድጓዳቸው እስኪገቡ ቢጠብቀው ምን ነበረበት!

«ምች ይመታዋል» የምትሉም አላችሁ። አራስ ሳለ በየጠዋቱ ፀሐይ ስታሞቁት የነበረውን ልጅ፣ እግር ሲያወጣ በር ትዘጉበታላችሁ። ይኼ አይገባኝም።

ግቢ የለንም ለምትሉ፣ እኛም የምንኖረው ኮንዶሚኒየም ነው። ብሎካችን ሥር ባለችው ቁራሽ መሬት ላይ ጤና አዳም ተክያለሁ። የልጅ ልጄ ሁለት ዓመት ከመንፈቋ ሳለ፣ ቡና ሲፈላ አብረን ወርደን ቀንበጥ እንቆርጣለን። አፏ እንዳትከተው አጠገቧ እቆማለሁ። የመጀመሪያ ቀን ከነሥሩ ነቀለችው፤ መልሰን ተከልነው። ጠውልጎ ሰነበተ፤ እሷም በየቀኑ እየወረደች አየችው። ካገገመ በኋላ አንዲት ቀንበጥ ብቻ ቀጥፋ፣ ጣቶቿን እያሸተተች ወደ ላይ ወጣች። ጎረቤታችን ቀንበጧን ሲኒዋ ውስጥ ነክራ «እደጊ፣ የኔ እናት» ብላ መረቀቻት።

ያን ዕለት ማታ ውሃ ልናጠጣ ወረድን። ጆጉን በሁለት እጇ ይዛ፣ ግማሹን ጫማዋ ላይ ግማሹን ሥሩ ላይ አፈሰሰችና ቅጠሉን ዳበስ አድርጋ «እደጊ» አለችው። እንደ ሴት፤ ልክ ለእሷ እንደተባለው። «አመሰግናለሁ» የሚለውን ቃል ያኔ ገና አጥርታ አታወጣውም ነበር።